ባሳ አልጋ ላይ ሆኖ የሠራው ሸማ

መጀመሪያ ስለ ራሴ አንድ ነገር ላስይዛችሁ፣ እኔ ጥላዬን አይቼ የምደነግጥ ሴት አይደለሁም። ልጅ ሆነን እንኳ እኅቶቼ ስለ ሰይጣን እያወሩ ብርድ ልብስ ውስጥ ሲተቃቀፉ እኔ «ታዲያ ሰይጣኑ ምን አለ?» እያልኩ ወሬውን የማበላሽባቸው ነበርኩ። ነርስ ከሆንኩ በኋላማ ጭራሽ ባሰብኝ፣ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የኖረ ሰው ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ዛር ወረደበት የተባለው ስኳሩ ወርዶ፣ ቡዳ በላው የተባለው ትል ይዞት፣ መንፈስ ጣላት የተባለችው ከባሏ ተጣልታ ሲገኙ እያየ ነው የሚውለው። በዚያ ላይ ዘመኑ የደርግ ነው፣ በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ላይ ተሰብስበን መንፈስ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ያለው ቁስ ብቻ እንደሆነ ሲነገረን ሌላው ሰው ያንቀላፋል፣ እኔ ግን «ይህንንማ ከእናንተ በፊት አውቀዋለሁ» እያልኩ በልቤ እሥቃለሁ። አሁን የምታወራችሁ ሴትዮ እንግዲህ እንዲህ ያለችው ናት፣ ወሬውን ስትሰሙ ይህን አትርሱብኝ።

የምሠራው ጉለሌ ውስጥ ካለ አንድ ሆስፒታል ነበር፣ ስሙ ይቅር። በመርዝ ታሞ የመጣ ሰው ሁሉ የእኔ ነበር፣ ሐኪሞቹ ሳይቀሩ «ጽጌን ጥሯት» ይሉ ነበር፣ ጉራ እንዳይመስላችሁ፣ ጉራም ቢሆን እውነት ነው። በረኪና የጠጣች ልጅ፣ ላምባ ውኃ መስሎት የጨለጠ ሕፃን፣ ክረምት በገባ ቁጥር ከሰል ቤት አስገብተው በር ዘግተው የተኙ ባልና ሚስት፣ ኮሶ አብዝቶ አንጀቱ ሊወጣ የደረሰ ጎረምሳ፣ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ሕዝባችን ለመርዝ የሚሰጠው መድኃኒት ደግሞ አንድ ነው፣ ወተት። ምንም ይጠጣ ምን ወተት ይግቱታል፣ ላምባ የጠጣውን ልጅ ወተት ግተው ሲያስመልሱት ላምባው ከወተቱ ጋር ሳንባው ይገባና ጉድ ይፈላል፣ በዚህ ነገር ስንቴ እንደ ጮኽኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ያን ቀን ክረምት ነው፣ ከምሳ በኋላ፣ ሰማዩ ከእንጦጦ በኩል ጠቁሮ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ሐኪማችን ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቶ ስለነበር ድንገተኛ ክፍሉ ውስጥ ያለነው እኔና ጋሽ ወርቁ ብቻ ነን። ጋሽ ወርቁ ድሬሰር ናቸው፣ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፣ ቁስል ሲያጥቡ እጃቸው የእናት እጅ ነው፣ ቀልድ ግን አይገባቸውም፣ ነገር አጋንነው ሲያወሩም ሰምቻቸው አላውቅም። በሩ ተበርግዶ ከሽሮ ሜዳ የመጡ ጎረቤታሞች አንድ ሰውዬ በጋቢ ላይ አስተኝተው፣ የጋቢውን አራት ጫፍ ይዘው ገቡ። ከኋላቸው ሚስቱ አለች፣ ነጠላዋ ረጥቦ ሰውነቷ ላይ ተጣብቋል፣ አታለቅስም፣ ጥርሷ ግን ይንቀጫቀጫል።

ሰውዬው ባሳ ይባላል፣ ሸማኔ ነው፣ ሚስቱ አማረች ትባላለች። ባሳ አፉ አረፋ ደፍቋል፣ ላቡ በጀርባው ይንቆረቆራል፣ የክንዱና የጭኑ ሥጋ ከቆዳው ሥር ይርገበገባል፣ ደረቱ እንደ ሽሮ ድስት ይንተከተካል። ከተሸካሚዎቹ አንዱ «ለክፎት ነው ሲስተር፣ ጠበል ብንወስደው ይሻል ነበር፣ እሷ ናት እምቢ ያለችው» አለኝ። «ጠበሉ የትም አይሄድም፣ አንተ ግን አሁን ወደ ውጭ ውጣልኝ» አልኩትና የባሳን የዓይን ቆብ ገለጥ አደረግሁ። ብሌኑ ጠቦ ጠቦ የመርፌ ጫፍ አክሏል። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ማንም እንዲነግረኝ አልፈለግሁም፣ ፀረ ተባይ መርዝ ነው፣ ሰብል ላይ የሚረጨው ዓይነት፣ በአፍም ይግባ በቆዳ ሰውን በገዛ ለሃጩ አስጥሞ የሚገድል።

ጋሽ ወርቁ ልብሱን በመቀስ ቀደው አወለቁና በሳሙና ከራሱ እስከ እግሩ ያጥቡት ጀመር፣ እኔ የደም ሥር ፈልጌ አትሮፒን ወጋሁት። አትሮፒን መርዙ ያረጠበውን የሚያደርቅ መድኃኒት ነው፣ ለሌላ በሽተኛ ትንሽ የሚበቃው ለእንዲህ ዓይነቱ ምንም አይደለም፣ አፉ እስኪደርቅና ደረቱ እስኪጠራ ድረስ ደግሞ ደጋግሞ መውጋት ነው፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ነርስ እዚህ ላይ ሰው ይገድላል። የእኔ እጅ አልተንቀጠቀጠም። እየወጋሁ ሚስቱን እጠይቃለሁ።

«ምን ጠጣ?»

«ምንም አልጠጣም።»

«አማረች፣ እኔ ፖሊስ አይደለሁም፣ የቀበሌ ሰውም አይደለሁም። ተጣልታችሁ ነበር?»

«በማርያም፣ አልተጣላንም። ምሳ አብረን ነው የበላነው፣ እኔም ወንድሙም ልጆቹም። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ፣ ትንሽ ቆይቶ ዓይኔ ፈዘዘብኝ አለ፣ ከዚያ ሸማው ላይ ድፍት አለ። ወተት ሰጥቼዋለሁ።»

«ወተቱንማ ሳትነግሪኝም አውቄዋለሁ። ቤት ውስጥ ፀረ ተባይ አለ?»

«ለቁንጫ ብዬ አዲሱ ገበያ በጠርሙስ የገዛሁት ነበር። መሬቱ ላይ ረጨሁት፣ እሱም ሰንብቷል። ልጆቹ እዚያው ላይ ሲንከባለሉ ነው የሚውሉት፣ ምንም አልሆኑም።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አላመንኳትም። ባሎች ራሳቸውን ሊያጠፉ መርዝ ሲጠጡ ሚስቶች ሁልጊዜ ምሳ አብረን በላን ነው የሚሉት። ግን አንድ ነገር አልገጥም አለኝ፣ በቱቦ ጨጓራውን ሳጥብ የወጣው ወተትና የበላው ምሳ ነው፣ የመርዝ ሽታ የለውም። ሽታው ያለው እግሩ ላይ ነበር፣ ጋሽ ወርቁ በሳሙና ፈትገው ፈትገው እንኳ አልለቅ ብሏል። ሲጠጣ እግሩ ላይ ፈስሶበት ይሆናል አልኩና አለፍኩት፣ እጄ በሥራ ተይዟል፣ ሰውዬው ደግሞ ገና ከሞት አፍ አልወጣም።

በኋላ ግን ወጣ። ደረቱ ጠራ፣ ከንፈሩ ደረቀ፣ ብሌኑ ሰፋ ሰፋ አለ፣ የልቡ ምት ፈጠነ፣ እኔም «እሺ፣ አሁን የእኛ ሆነሃል» ብዬ ወገቤን ይዤ ቀና አልኩ። ልጆቿ ጎረቤት ቤት ናቸው አለችኝ፣ እኔም ተቀመጪ ብዬ ወንበር ሰጠኋት። ይህን ጊዜ ነው ባሳ እጆቹን ወደ ላይ አንሥቶ አየሩን መንጠቅ የጀመረው።

አማረች ከወንበሯ ተነሣች። «ምን እየሆነ ነው ሲስተር?»

«መድኃኒቱ ነው፣ አትፍሪ። አትሮፒን የበዛበት ሰው ይቃዣል፣ የሌለ ክር ይጎትታል፣ የሌለ ዝንብ ይይዛል። ሲነቃ አያስታውሰውም።»

እውነቴን ነው፣ ሥራ ያለው ሰው ከሆነማ ሥራውን ይሠራል፣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ተኝቶ ማርሽ ሲቀይርብን የዋለበት ቀን አለ፣ ዳገት ላይ ሲደርስማ ይሳደባል። ባሳም ሸማ ይሠራ ጀመር። በቀኝ እጁ የሌለውን መወርወሪያ ይወረውራል፣ በግራው ይቀልባል፣ ክሩን የሚያጠብቀውን መምቻ ወደ ደረቱ ይስባል፣ ብርድ ልብሱ ሥር እግሮቹ ተራ በተራ ይረግጣሉ። እጁ እንዴት እንደሚያምር ብታዩ፣ ለሞት ቀርቦ የነበረ ሰው አይመስልም፣ እኔ ራሴ ፈገግ ብዬ ቆሜ አየሁት።

ድምፁ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ጧ ጧ፣ ከዚያ ቀለል ያለች ጧ። እንደገና ጧ ጧ፣ ቀለል ያለች ጧ። መጀመሪያ መስኮቱ ነው ብዬ ሄጄ ቀረቀርኩት፣ አልቆመም። አሸንዳው ይሆናል ብዬ አንገቴን አውጥቼ አየሁ፣ አሸንዳው ውኃውን ያወርዳል እንጂ እንዲህ ያለ ድምፅ የለውም። ኮሪደሩ ላይ የሚጠግን አናጢ ይኖራል ብዬ በሩን ከፈትኩ፣ ኮሪደሩ ባዶ ነው፣ እንዲያውም እዚያ ድምፁ ይጠፋል፣ ወደ ክፍሉ ስመለስ ይሰማል። ከአልጋው ሥር ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁ፣ ሲሚንቶና የሽንት ዕቃ እንጂ ሌላ ነገር የለም።

«ጋሽ ወርቁ፣ ይሰማዎታል?»

«ይሰማኛል» አሉ፣ ፎጣውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ። «አልጋውን እየመታው ይሆናል ብዬ ነበር። ግን እጁ አልጋውን አይነካም።»

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልወድም፣ ነገር ሲምታታብኝ በእጄ መያዝ ነው ልማዴ። ሄድኩና የባሳን ሁለት እጆች አንጓቸው ላይ ጠበቅ አድርጌ ይዤ አልጋው ላይ አሳረፍኳቸው፣ ጋሽ ወርቁን እግሮቹን ይያዙልኝ አልኳቸው፣ ያዙ። ሰውዬው ዝም አለ፣ አንዲት ጣቱ አልተንቀሳቀሰችም። ጧ ጧ፣ ቀለል ያለች ጧ። እመኑኝ፣ ድምፁ አንድም ምት አላጓደለም፣ እንዲያውም በአልጋው ብረት በኩል እጄ ላይ ይሰማኝ ነበር። ጋሽ ወርቁ እግሩን ለቀው አማተቡ፣ እኔ አላማተብኩም፣ ግን ጉሮሮዬ ደረቀ፣ አትሮፒኑን እኔ የተወጋሁት ይመስል።

አማረች አጠገቤ መጥታ ቆማለች። ፊቷ ላይ ያየሁት ፍርሃት አልነበረም፣ የምታውቀውን ሰው ድምፅ ከአጥር ውጭ የሰማች ሴት ፊት ነው።

«የእሱ አመታት ነው» አለችኝ። «ሁለት ከባድ፣ አንድ ቀላል። እኛ ሰፈር ቤቱ ሁሉ ሸማ ነው የሚሠራበት፣ ሴቱ ሁሉ የባሏን አመታት ታውቃለች። ከወንዝ ስመለስ ከሩቅ ሰምቼ ባሳ ተቀምጧል ወይስ ተነሥቷል እላለሁ።»

«አማረች፣ ባልሽ እዚህ ተኝቷል።»

«አዎ» አለች፣ «ሲስተር፣ እኔም እሱን እያየሁ ነው።»

ይህን ስትል ባሳ አፉን ከፈተ። በአማርኛ አይደለም፣ በአገሩ ቋንቋ ነው፣ ያንኑ ነገር ደጋግሞ፣ መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ እንደ ቁጣ። አማረች ጆሮዋን አስጠጋች፣ ቀና ስትል ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«ምን ይላል?»

«ቶራ ውጣ ይላል። ቶራ ወንድሙ ነው፣ ታናሽየው። ምሳ አብሮን የበላው።»

«ከየት ነው የሚወጣው? ቶራ አሁን የት ነው?»

«ቤት ጠብቅ ብዬ ትቼው መጣሁ። ሌላ ሰው አልነበረም…» አለችና ቆመች፣ ዓይኗ ወደ ባሳ እግር ሄደ። «እግሬ ላይ ቆመሃል፣ ከጉድጓዱ ውጣ፣ ነው የሚለው።»

እዚህ ላይ ሸማ ሲሠራ አይታችሁ ለማታውቁ ትንሽ ላስረዳ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ሲሠራ መሬት ላይ ይቀመጥና እግሩን ከፊቱ የተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ይከታል፣ መርገጫዎቹ ያሉት እዚያ ታች ነው፣ ባዶ እግሩን ነው የሚረግጣቸው፣ ከጠዋት እስከ ማታ እግሩ ከዚያ አይወጣም። ይህን እኔ ጉለሌ ስኖር በየቤቱ አይቼዋለሁ፣ ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ግን ያን የእግር ሽታ ከዚያ ጉድጓድ ጋር ያገናኘሁት አማረች ጉድጓድ ስትል ነው።

«የቁንጫው መድኃኒት» አልኳት፣ «ጉድጓዱ ውስጥ ጨምረሻል?»

«የተረፈውን ትናንት ማታ እዚያ ደፋሁት» አለች። «ቁንጫው የሚብሰው እዚያ ነው፣ የጥጥ ብናኝ አለ፣ እግሩን በልቶ ፈጀው። እንዳይበርደው ደግሞ ጆንያ አነጠፍኩለት።»

ጆንያው መርዙን ጠጥቶ ሰውዬው ከጠዋት ጀምሮ እግሩን እሱ ላይ አሳርፎ ዋለ ማለት ነው። አሁን ሁሉም ነገር ገጠመልኝ፣ ልጆቹ ለምን እንዳልታመሙ፣ ጨጓራው ለምን ንጹሕ እንደሆነ፣ ሁሉም። እውነቱን ለመናገር ለአንዲት ቅጽበት ደስ አለኝ፣ የሕመምን መንሥኤ ማግኘት የሚያስደስተኝ ሴት ነኝ። ያልገጠመልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱን ግን በዚያ ሰዓት ቆሜ የማሰላስልበት ጊዜ አልነበረኝም። ቶራ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ከሆነ እየሞተ ነው፣ ካልገባም ገና አልገባም ማለት ነው፣ በሁለቱም መንገድ መሄድ አለብኝ። የአትሮፒን ብልቃጦች፣ መርፌ፣ መቀስና ጓንት ኪሴ ከተትኩ፣ ጋሽ ወርቁን «ከእሱ አይለዩ፣ አፉ ከረጠበ ይድገሙለት» አልኳቸው፣ አማረችን በክንዷ ይዤ ወጣሁ። የሆስፒታሉ ላንድሮቨር ሾፌር ቤንዚኑ በኩፖን ነው፣ ያለ ትእዛዝ አልንቀሳቀስም ሲለኝ ምን እንዳልኩት እዚህ አልደግመውም፣ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

የሽሮ ሜዳ ዳገት በጎርፍ ወንዝ ሆኗል፣ መኪናዋ እያቃሰተች ወጣች፣ አማረች መንገዱን ሁሉ እጄን ይዛለች። ቤቷ ደጃፍ ደርሰን ስንወርድ በሩ ገርበብ ብሏል፣ ቶራ ተቀምጦበት የነበረ በርጩማ ደጃፉ ላይ ብቻውን አለ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ጆሮ ይደፍናል፣ ስለዚህ ከውስጥ ጧ ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ ብዬ አልምልም። አማረች ግን ትምላለች።

ቶራ ጉድጓዱ ውስጥ ነበር። የወንድሙ ቦታ ላይ ተቀምጦ ሸማው ላይ ተደፍቷል፣ ክንዶቹ ወደ ውጭ ተንጠልጥለዋል፣ መወርወሪያውን አልያዘም፣ አፉ አረፋ ደፍቋል። መርገጫዎቹ ግን ታች ይንቀሳቀሱ ነበር፣ አንዱ ሲወርድ ሌላው ሲወጣ፣ በቀስታ። መርዙ ጡንቻ ያንቀጠቅጣል፣ አውቃለሁ፣ እግሩ ሲንቀጠቀጥ መርገጫውን ያንቀሳቅሰዋል፣ ይህንንም ለራሴ ነገርኩት። ሾፌሩ ዘሎ ሊገባ ሲል «እግርህን እንዳታስገባ፣ ብብቱን ይዘህ ከላይ ሳብ» አልኩት፣ በሁለት በኩል ይዘን ስንጎትተው እግሩ ከታች እምቢ አለ፣ የሆነ ነገር የያዘው ይመስል ነበር፣ የመርገጫው ገመድ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተጠምጥሟል። አማረች ገመዱን በጥርሷ ልትበጥስ ጎንበስ ስትል ገፋ አድርጌያት ገመዱን በመቀስ ቆረጥኩት። እግሩ ከጉድጓዱ ሲወጣ ቤቱ ድንገት ጸጥ አለ፣ ዝናቡ ቀጥ ብሎ አቆመ፣ የክረምት ዝናብ እንዲህ ያደርጋል፣ አውቃለሁ።

ደጅ አውጥተን ልብሱን ገፍፈን አሸንዳው ሥር ከተጠራቀመው ውኃ በባልዲ እየቀዳን በሳሙና አጠብነው፣ አትሮፒኑን እዚያው ጭኑ ላይ ወጋሁት፣ ደገምኩ፣ ሠለስኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ «ወተት እናምጣ?» ሲል «የጠየቀኝን ሰው ወተቱን እሱን ነው የማጠጣው» አልኩ፣ ማንም አላመጣም። መኪና ውስጥ ስናስገባው ትንፋሹ ይሰማ ነበር፣ ሆስፒታል ስንደርስ ዓይኑን ገለጠ። ሁለቱም ወንድማማቾች ጎን ለጎን ተኝተው አደሩ፣ ሁለቱም ዳኑ። ይህን ስላችሁ እኮራለሁ፣ ለምን እደብቃለሁ።

አሁን ደግሞ የማልኮራበትን ልንገራችሁ፣ የማላውቀውን ማለቴ ነው። ስንመለስ ጋሽ ወርቁ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን። ድምፁ እኔ ከወጣሁም በኋላ አላቆመም ነበር አሉኝ፣ ከዚያ ድንገት ዝናቡ ሲያባራ አብሮ ቆመ፣ የባሳም እጆች ያን ጊዜ ወደቁ፣ ሞተብኝ ብለው ሲሮጡ እንቅልፍ ወስዶት አገኙት። እሳቸው ዝናቡ ሲያባራ አሉ፣ እኔ ደግሞ ዝናቡ ሲያባራ የት እንደነበርኩና እጄ ምን ይዞ እንደነበር አውቃለሁ።

ቶራ አፉ ሲፈታ ጠየቅሁት። «መርዝ እንዳለበት አታውቅም፣ እሺ። ግን ወንድምህ ታሞ ሳለ ሸማ ልትሠራ ምን አስቀመጠህ?»

«ልሠራ አልገባሁም» አለኝ። «ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ባሳ ሲሠራ ሰማሁት። የእሱን አመታት እኔ አላጣውም። ተሽሎት መጣ ብዬ ደስ አለኝ፣ በየት ገባ ብዬም አላሰብኩም። ስገባ ማንም የለም፣ ግን መምቻው ይሄዳል ይመለሳል። ታች መርገጫው ላይ የተጠመደ ነገር አለ ብዬ እግሬን አስገባሁ። ከዚያ መውጣት አቃተኝ ሲስተር። እኔ አልረገጥኩትም፣ እሱ ነው እግሬን እያነሣ የሚጥለው።»

ተቃዥተሃል አልኩት። መርዝ የገባበት ጭንቅላት ብዙ ያያል፣ ጉድጓድ ከገባ በኋላ የሰማውን ከመግባቱ በፊት የሰማው መስሎት ይሆናል አልኩ። አማረች ግን ሸማውን አምጥታ አሳየችኝ። ባሳ ድፍት ሲል ከአፉ የወጣው ሸማው ላይ እድፍ ትቶ ነበር፣ እሱን ሲያነሡት እድፉ ልክ መምቻው ሥር እንደነበር ተሸካሚዎቹ ሁሉ አይተዋል። አሁን ከእድፉ ወዲህ ክንድ የሚሆን አዲስ ሸማ አለ፣ ጥብቅ ያለ። ቶራ ሠርቶት ነው አልኩ፣ በቃ፣ ሌላ ምን ልበል። ባሳ አልጋው ላይ ቀና ብሎ ሸማውን በጣቶቹ መሐል ዳበሰው፣ ጠርዙን አየ።

«ቶራ ጠርዝ ላይ ያላላል» አለ። «ይህ የእኔ እጅ ነው።»

«መቼ ሠራኸው ታዲያ?»

«ተኝቼ ሥራ ላይ ነበርኩ» አለኝ፣ እንደ ተራ ነገር። «የሠርግ ትእዛዝ ነበረብኝ፣ እሱን ልጨርስ ብዬ። ከዚያ የሌላ ሰው እግር እግሬ ላይ መጣ። የእሱ መሆኑን አወቅሁት፣ ወንድሜ አይደል። ውጣ አልኩት።»

ሸማውን ከጆንያው ጋር በኬሮሲን አቃጠሉት፣ እኔ ነኝ ያዘዝኩት፣ መርዝ የነካው ጨርቅ ሙሽራ አይለብሰውም። ጉድጓዱንም ደፍነው ሌላ ቆፈሩ። ባሳ ብዙ ዓመት ሠራ፣ ባዶ እግሩን፣ አማረችም ከዚያ ወዲያ ከቁንጫ ጋር ታርቃ ኖረች።

እኔ ግን አንድ ነገር ሲያብሰለስለኝ ኖረ፣ አሁንም ያብሰለስለኛል። ሰው ሁሉ ይህን ወሬ ሲሰማ «እግዚአብሔር ነው ያሰማችሁ፣ ቶራን ሊያድነው» ይለኛል፣ ጋሽ ወርቁም እስኪሞቱ እንዲሁ ይሉ ነበር። ደስ ይላል። ግን ነገሩን ከቶራ በኩል ቆማችሁ እዩት። እኛን ያስሮጠን ድምፅና ቶራን ከደጃፉ አንሥቶ ጉድጓድ ያስገባው ድምፅ አንድ ነው። ባሳ ባይሠራ ኖሮ ቶራ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ዝናብ እያየ ይውል ነበር። ባሳን ደግሞ እጁን አንሥቶ እንዲሠራ ያደረገው መርዙ አይደለም፣ መርዙማ አንዘፍዝፎ ጥሎታል። ያሠራው አትሮፒኑ ነው፣ አትሮፒኑን የወጋሁት እኔ ነኝ። ዛሬም ቢመጣልኝ ያንኑ እወጋዋለሁ፣ ያለዚያ ይሞታል፣ በዚህ አልጠራጠርም። በተረፈው ግን ምን እንደምል አላውቅም፣ ባሳ ተቃዠ ይባል፣ ቶራም ተመርዞ ነበር ይባል፣ እኔን ግን ያን ቀን የወጋኝ ሰው የለም።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አትሮፒን የወጋሁት በሽተኛ እጁን አንሥቶ አየሩን ሲነካካ ባየሁ ቁጥር፣ ወጣቶቹ ነርሶች እስኪሥቁብኝ ድረስ፣ ዘመዶቹን ሥራው ምንድን ነው ብዬ እጠይቅ ነበር። አንዱ እንጨት ሰንጣቂ ነው ይሉኛል፣ አንዱ ወፍጮ ቤት ነው የሚሠራው ይሉኛል። «አሁን ሥራ ቦታው ማን አለ?» እላለሁ። ማንም የለም ይሉኛል፣ አብዛኛውን ጊዜ።

«እንግዲያው እሱ እስኪነቃ ድረስ ማንም አይግባ» እላቸው ነበር።